ዓይን የማይዳኘው በሽታ፦ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መድኃኒቶች እንዴት ይፈተናሉ?

በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ ክፉኛ የተመታ ሰው አንጎሉ ያብጣል። የራስ ቅል አጥንት ስለማይለጠጥ እብጠቱ መሄጃ የለውም፤ ተመልሶ አንጎሉን ራሱን ይጫነዋል። እብጠት ከሚቀንሱ መድኃኒቶች መካከል ደግሞ ስቴሮይድ የታወቀ ነው። እንግዲህ ለዚህ ጉዳተኛ ስቴሮይድ መስጠት ለሚያስብ ሰው ሁሉ ትክክል ይመስላል። በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞችም ከ30 ዓመት በላይ ሲሰጡት ኖረዋል።

ኋላ ላይ ክራሽ የተባለ ሙከራ ተጀመረ። በ49 አገሮች የሚገኙ 10,008 ጉዳተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስቴሮይዱን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ግን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ ሲወጣ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት ስቴሮይድ ካላገኙት ከመቶው 18 ገደማ፣ ካገኙት ደግሞ 21 ገደማ ሆኑ። ሙከራው 20,000 ሰው ሊያካትት ታቅዶ ነበር፤ በግማሽ መንገድ እንዲቆም ተደረገ።

ከመቶ ሦስት ሰው። ይህን ልዩነት በዓለም ላይ ያለ የትኛውም ሐኪም በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን በሥራ የሚያነጋ ሐኪም የዳነውን ሲያይ «መድኃኒቱ ደረሰለት» ይላል፤ የሞተውን ሲያይ «ጉዳቱ ከባድ ነበር» ይላል። ሁለቱም አነጋገር ምክንያታዊ ነው። ሐኪሙ ሰነፍ ወይም ክፉ ስለሆነ አይደለም የተሳሳተው፤ ያለ ማነጻጸሪያ የሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ሊያውቅ ስለማይችል ነው።

ከቸርችል ጎዳና ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የኤምአርአይ ፊልም የያዘ ሰፊ ፖስታ በብብቱ ሸጉጦ፣ በሌላ እጁ እግሩ የከዳውን ወንድሙን ደግፎ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዱ አንድ ቀን ሐኪም ክፍል ውስጥ «በመድኃኒት ሙከራ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ናችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሌላው ደግሞ በስልኩ ላይ «በስቴም ሴል ሽባ ይነሣል» የሚል ማስታወቂያ አይቶ ቤቱን ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ ያስባል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሙከራ ለምን እንዲህ ተጠንቅቆ እንደሚሠራ ሲገባን ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥናት ሁሉ ሙከራ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው 60,820 ሰው በሚኖርበት የቡታጅራ ገጠር የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ፈልገው 316 ሰው ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል፤ ከ1,000 ሰው አምስት ገደማ መሆኑ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የበሽታውን ስፋትና ጠባይ ለማወቅ የተደረገ ቅኝት እንጂ መድኃኒት ከመድኃኒት ያወዳደረ ሙከራ አልነበረም። ሙከራ የሚባለው ማን ምን እንደሚሰጠው ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ባወጡት ሥርዓት ሲወሰን ነው።

አንጎል ለምን ያሳስታል?

የቆዳ ቁስል ሲድን ይታያል። ደም ማነስ ሲሻለው የደም ጠብታ ይናገራል። አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ግን በአጥንት ውስጥ የተከበቡ ናቸው፤ ከሌላው አካል እንደሚደረገው ቁራጭ ወስዶ መመርመር እጅግ አስጊ ነው። በዚያ ላይ የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ራሱ አጥር ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ሁሉ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። በላቦራቶሪ ተአምር የሠራ፣ በአይጥ ላይም ያማረለት መድኃኒት በሰው ላይ ይህን አጥር ሳያልፍ ቀርቶ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የበሽታዎቹ ጠባይ ነው። የሚጥል በሽታ አንድ ሰሞን ደጋግሞ ይጥላል፤ ሌላ ሰሞን ይተዋል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የነርቭ በሽታ ብዙውን ሰው ለሳምንታት አዳክሞ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። በስትሮክ ክንዱ የሰነፈ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ባይደረግለት እንኳ በመጠኑ ሊያገግም ይችላል። ሰው ደግሞ መፍትሔ ፍለጋ የሚወጣው በሽታው በጠናበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሳምንት በአብዛኛው መሻሉ አይቀርም። ክኒን የጀመረው ክኒኑን፣ ጸበል የገባው ጸበሉን፣ ወጌሻ ጋር የሄደው ወጌሻውን ያመሰግናል። በእምነት ጉዳይ ልፈርድ አይደለም፤ በዚህ ሚዛን ክኒኑም እኩል ተጠርጣሪ ነው። (የሚጥል በሽታ ክኒን የጀመረ ሰው ግን ተሻለኝ ብሎ ወይም ተመክሮ በድንገት ማቆም የለበትም። ፌኖባርቢታልን በአንድ ጊዜ መተው በላይ በላዩ የሚደጋገምና ለሞት የሚያሰጋ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል።)

ተስፋ ራሱ አካልን ያንቀሳቅሳል፤ በተለይ እንቅስቃሴን በሚያውከው የአንጎል በሽታ፣ በፓርኪንሰን። እ.ኤ.አ. በ2001 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ሙከራ 40 የፓርኪንሰን ታማሚዎች ተሳትፈው ነበር። ለ20ዎቹ ከፅንስ የተወሰደ የነርቭ ሕዋስ አንጎላቸው ውስጥ ተተከለ። የቀሩት 20ዎቹ የራስ ቅላቸው ብቻ ተበሳ፤ የአንጎላቸው ሽፋን ሳይነካ ቁስሉ ተዘጋ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ሁሉም አስቀድመው አውቀው ፈርመዋል፤ የትኛው እንደደረሳቸው ግን አያውቁም። ከዓመት በኋላ ታማሚዎቹ ስለራሳቸው መሻል በሰጡት አጠቃላይ ግምት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ከእነሱው ጋር የተደረገ ሌላ ክትትል ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አሳየ፦ ሕዋሱ ተተክሎልኛል ብለው ያመኑት፣ በእርግጥ ይተከልላቸውም አይተከልላቸውም፣ ሕይወታቸው እንደተሻሻለ ተናገሩ።

የሰው ጭንቅላት በስቶ ያለ ሕክምና መዝጋት ጭካኔ ነው የሚል ሰው አለ። ስሜቱን እጋራለሁ፤ ክርክሩም በሙያው ውስጥ አላበቃም። ይሁንና ያ ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ቀዶ ሕክምናው ዛሬ በየከተማው በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ከተተከለላቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ በኋላ ሊቆጣጠሩት የማይችሉት መወራጨት እንደያዛቸው አንርሳ።

ዕጣው

ሐኪሙ «ይህ ደካማ ነው፣ አዲሱን ልስጠው» ወይም «ይቺ ወጣት ናት፣ ትቋቋመዋለች» እያለ ቢያድል ሁለቱ ቡድኖች ገና ከመነሻቸው ይለያያሉ። ስለዚህ እንደ ዕቁብ ዕጣ ይጣላል፤ የዕቁቡ ዳኛ እንኳ ዘመዱን ማስቀደም እንዳይችል። ዕጣው ለብዙ ሰው ሲወጣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ክፉኛ የታመመውም ቀለል ያለለትም በሁለቱም ወገን በተቀራራቢ ቁጥር ይደለደላል። በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ለማለት ድፍረት የሚሰጠው ይህ ብቻ ነው።

ማነጻጸሪያው ግን ሁልጊዜ ባዶ ክኒን አይደለም። የታወቀ መድኃኒት ላለው በሽታ ያንን ከልክሎ ባዶ መስጠት ነውር ነው። በማጅራት ገትር፣ ማለትም የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ሽፋን ሲቆጣ በሚመጣው በሽታ፣ ሙከራዎች ሁሉም ተሳታፊ ጀርሙን የሚገድለውን መድኃኒት ያገኛል፤ በዕጣ የሚወሰነው በላዩ የሚጨመረው ነው።

ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ ለምሳሌ እንውሰድ። በቬትናም 545 የቲቢ ማጅራት ገትር ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳየው፣ ከቲቢ መድኃኒቱ ጋር ዴክሳሜታዞን የተጨመረላቸው ከመቶ 32 ገደማ ሲሞቱ ያልተጨመረላቸው ከመቶ 41 ገደማ ሞተዋል። ከባድ የአካል ጉዳትን ግን አልቀነሰም። ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ለፈንገስ ማጅራት ገትርም ይረዳ ይሆናል» ቢል ማን ይፈርድበታል? ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚከሰተውን የክሪፕቶኮከስ ፈንገስ ማጅራት ገትር በተመለከተ በእስያና በአፍሪካ የተደረገው ሙከራ 451 ሰው ካካተተ በኋላ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ውጤት ዴክሳሜታዞን ያገኙት ላይ የአካል ጉዳቱና ሌላው መዘዝ በዝቶ ተገኘ። አንድ መድኃኒት፣ የአንድ ሽፋን መቆጣት፣ ተቃራኒ ውጤት። በክራሽ ሙከራ የታየውም የዚሁ የስቴሮይድ ቤተሰብ ጉዳት ነበር። በአንድ በሽታ የሠራውን ይዞ በሌላው ላይ መፍረድ አይቻልም።

ሙከራው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች በአጭሩ እንዲህ ናቸው። በመጀመሪያው በጣት ከሚቆጠሩ ሰዎች እስከ 100 ገደማ በሚሆኑት ላይ የመድኃኒቱ ጉዳትና መጠን ይታያል። በሁለተኛው እስከ ጥቂት መቶ ታማሚዎች ይካተቱና ፍንጭ ይፈለጋል። በሦስተኛው ከመቶዎች እስከ ሺዎች በሚደርሱ ሰዎች ትልቁ ንጽጽር ይደረጋል። አራተኛው መድኃኒቱ ገበያ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። ቤተሰብ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንተኛው ደረጃ ነው?» ብሎ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለ መድኃኒት «ያድናል» የሚል ሰው ወይ አልገባውም ወይ እያታለለ ነው።

«ሠራ» የሚለውም ቃል መጠኑ መጠየቅ አለበት። ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) መድኃኒት በ1,795 ሰዎች ላይ ለ18 ወራት ተፈትኖ በሽታው የሚብስበትን ፍጥነት ቀንሷል፤ ይህ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን እስከ 18 ነጥብ በሚደርስ መለኪያ ላይ 0.45 ነጥብ ነበር። አባቷ ስሟን የረሳባት ልጅ ይህን ልዩነት በቤቷ ውስጥ ታየዋለች ወይ የሚለው ሐኪሞችን እስካሁን ያከራክራል።

የወገብ መርፌ

በእነዚህ ሙከራዎች ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያስፈራው የጀርባ ፈሳሽ መቅዳት ነው። «ጀርባው ተወግቶ ሽባ ሆነ» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ታማሚው በጎኑ ይተኛና ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አድርጎ ይኮረመታል፤ እንዲህ ሲሆን የአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ይከፈታል። ሐኪሙ የዳሌውን አጥንት ጫፍ በእጁ ዳብሶ ከእሱ ትይዩ ያለውን የወገብ አጥንት ያገኛል፤ ቦታውን አጽድቶና አደንዝዞ ቀጭን መርፌ በሦስተኛውና በአራተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያስገባል። የአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው ግን ከዚያ በላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚደርስበት ቦታ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ሥሮች ናቸው። በብዛት የሚያጋጥመው ችግር ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ራስ ምታት ነው። ወሬው የሚወለደው ጀርባቸው የሚቀዳው ሰዎች ቀድሞውኑ ሽባ በሚያደርግ በሽታ የተያዙ ስለሚሆኑ ነው።

በዚሁ መንገድ የሚሰጥ መድኃኒትም አለ። ጡንቻቸው በዘር በሚተላለፍ የኅብለ ሰረሰር በሽታ ለሚሰንፍ ሕፃናት የተሠራው ኑሲነርሰን ሲፈተን፣ በማነጻጸሪያው ቡድን ያሉ ሕፃናት ወገባቸው ላይ በመርፌ ጫፍ ብቻ ተነክተው ቦታው በፕላስተር ተሸፈነ፤ ወላጆቹም የትኛው እንደተደረገ አላወቁም። ጥቅሙ ቀድሞ ጎልቶ ስለታየ ሙከራው አጥሮ ለሁሉም ሕፃናት መድኃኒቱ ተፈቀደ፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 አጸደቀችው። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋው ግን 750,000 ዶላር ነበር። ለዚህ ነው ከመፈረም በፊት «ሙከራው ሲያልቅ ልጄ መድኃኒቱን ማግኘቱን ይቀጥላል?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ማን ይጠብቀናል?

«መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሰሜን ናይጄሪያ በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት ከታወቀ መድኃኒት ጋር በ200 ሕፃናት ላይ አወዳደረ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ አምስቱ አዲሱን፣ ስድስቱ የታወቀውን የወሰዱ ነበሩ። እንግዲህ የሟቾቹ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነው። የወላጆቹ ቅሬታ ግን ሙከራ መሆኑ አልተነገረንም የሚል ነበር። ኩባንያው በቃል ፈቃድ ተሰጥቶኛል ብሎ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ለእኔ የካኖ ትምህርት መድኃኒቱ አይደለም፤ በወረርሽኝ መሐል ልጁን ታቅፎ የቆመ ወላጅ «እምቢ» ለማለት ምን ያህል አቅም አለው የሚለው ነው።

በእኛ አገር ማንኛውም የመድኃኒት ሙከራ ከመጀመሩ በፊት በተቋሙ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየትና ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ የሕግ መሠረቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በትልልቅ ሙከራዎች ደግሞ ከተመራማሪዎቹ ውጭ የሆነ ቡድን የሟችና የተጎጂውን ቁጥር በየጊዜው እያየ «ይቁም» ሊል ይችላል፤ ክራሽንም ያስቆመው ይኸው አሠራር ነው።

ወረቀቱ ግን ብቻውን አይጠብቅም። የአንጎል ታማሚ ብዙ ጊዜ ራሱ ሊፈርም አይችልም፤ ራሱን ስቷል ወይም ይቃዣል። ውሳኔው በእናት፣ በታላቅ ወንድም፣ በሚስት ላይ ይወድቃል። ጥሩ ነርስ እንዲህ ታስረዳለች፦

«እማማ፣ ልጅዎ የማጅራት ገትሩን መድኃኒት ያለ ጥርጥር ያገኛል። በላዩ ላይ ሌላ አንድ መርፌ ይጨመር አይጨመር የሚወስነው ዕጣ ነው። የትኛው እንደደረሰው እኔ አላውቅም።»

«ሐኪሙስ?»

«ሐኪሙም አያውቅም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«ቁልፉ በምስጢር ተቀምጧል፤ ልጅዎ ቢብስበት ወዲያው ይከፈታል።»

«እምቢ ብልስ፣ አልጋውን ትነሡናላችሁ?»

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ሰው በሆዱ ይዞት ይፈርማል። መልሱ «አንነሣም» ነው። እምቢ ማለትም፣ ፈርሞ ከርሞ መተውም የታማሚው መብት ነው፤ የተለመደው ሕክምና አይቋረጥበትም። ይህን በግልጽ የማይናገር ቅጽ ሲያጋጥም አለመፈረም ይሻላል። ቅጹን ወደ ቤት ወስዶ ፊደል ለለየ ዘመድ ማስነበብም አያሳፍርም።

ያንን የስልክ ማስታወቂያ በተመለከተ መለያው ቀላል ነው። በእውነተኛ ሙከራ ታማሚው ለሚፈተነው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ እንዲያውም የትራንስፖርት የሚሰጥበት አለ። ሙከራው ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ ለአህጉራችን የመላ አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ አለ፤ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው፣ ለሽባውም ለአልዛይመሩም ለፓርኪንሰኑም አንድ ዓይነት መርፌ በሺዎች ዶላር የሚሸጥ ክሊኒክ ሙከራ አያካሂድም፤ ይነግዳል።

የማን በሽታ ይፈተናል?

የአልዛይመር ሙከራ በሀብታም አገር ይበዛል፤ ገበያው እዚያ ነው። በድርቅ ዘመን ጓያ ለወራት አዘውትሮ በመብላት እግሩ የተሳሰረ ገበሬ ግን ኩባንያዎች የሚሽቀዳደሙለት ደንበኛ አይደለም፤ ለጓያ ሽባነት እስከ ዛሬ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። እንዲያም ሆኖ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ዓለምን ሊለውጥ እንደሚችል አይተናል። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ 844 የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ ለሳምንት በየቀኑ በደም ሥር ይሰጥ በነበረው አምፎቴሪሲን በተባለ የፈንገስ መድኃኒት ፋንታ የተሻሻለውን ዓይነት አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን መስጠት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ሲሆን እንደሚበቃ፣ ጉዳቱም እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ተቀብሎታል። በእኛም ከተማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለአፍሪካ የመድኃኒት ፈጠራና የሕክምና ሙከራ የተቋቋመ ማዕከል አለ። የሰው ኃይል የለም ማለት አይቻልም። የሚከብደው ክትትሉ ነው፤ ከወሎ የመጣ ታማሚ ከስድስት ወር በኋላ ለሁለት ሰዓት ምርመራ ተመልሶ አዲስ አበባ እንዲመጣ መጠበቅ፣ የስልክ ቁጥሩ ባይቀየር እንኳ፣ ቀላል አይደለም።

ከሙከራዎች ሁሉ ለእኛ በጣም የሚቀርበው አንዱ ግን በርካሽ ቫይታሚን ላይ የተሠራ ነው። ቀደም ሲል አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ በትክክል ያልተዘጋ ልጅ አርግዘው የነበሩ 1,817 ሴቶች በሰባት አገሮች በዕጣ ተመድበው፣ ገሚሶቹ ፎሊክ አሲድ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ውጤት ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንደገና እንዳይከሰት በ72 በመቶ እንደሚከላከል አሳየ፤ ይህም ሙከራ ጥቅሙ ግልጽ ስለነበር ቀድሞ ተቋረጠ። በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ጀርባቸው ክፍት ሆኖ የተወለዱ ሕፃናት ዛሬም ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። የፅንሱ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ እናቲቱ ማርገዟን ብዙ ጊዜ ገና ሳታውቅ ነው። ክኒኑ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ግን በእርግዝና ክትትል ነው፤ ብዙዎቹ እናቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡት ከሦስተኛው ወር በኋላ ነው። ልጅ ያሰበች ሴት ክኒኑን መጀመር ያለባት ከማርገዟ በፊት ነው፤ ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ከሆነ ደግሞ መጠኑ ከሌላው ሴት በብዙ ስለሚበልጥ አስቀድማ ለሐኪም መንገር አለባት።